የጀብራ እህቶቻችን በካርቱም የመብት ትግል ውስጥ



የኢዮቤልዩ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ጀብራ ታሪክ አንድ ነገር እንድንጽፍ ሲጠይቀን በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ዕድሩ አመሠራረትና እየተፈራረቁ ስላገለገሉን ሊቀመናብርት ለመጻፍ ነበር። ይሁንና ይህንን ሌሎች ወንድሞቻችን በዚሁ መጽሔት አሟልተው ጽፈውታል። የጀብራን ታሪክ ሻይ ሻጮቹንና ቤት ሠራተኞቹን እህቶቻችንን ሳያነሡ መጨረስ ደግሞ ወጥ ያለ ጨው መሥራት ሆኖ ታየን። እኛ ባለሱቆች ነን፤ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ያለን መዝገብ የዱቤ ደብተር ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያ ደብተር ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ከሰልና ቡና ብለው ያስጻፉት አብዛኞቹ ሴቶች ስለነበሩ ታሪኩን ከሌላው ሰው ቀረብ ብለን አይተነዋል። ዓመታቱን ያስቀመጥናቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የሱዳን ሕግና ፍርድ ቤት የሚቆጥረው በዚያ ስለሆነ ከኛ ጋር እንዳይምታታ ብለን ነው።

እንደሚታወቀው ከአገራችን ወደ ሱዳን የተሰደደው ሕዝብ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። ከ1967 ጀምሮ ከኤርትራ በኩል፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከቀይ ሽብር ሸሽቶ፣ በ1984 እና በ1985 ደግሞ በረሃብ ምክንያት በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ብዙ ሕዝብ ገብቷል። ሱዳን በ1974 ያወጣችው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛው በተመደበለት ካምፕ እንዲቀመጥ ያዝ ነበር። ካምፕ ውስጥ ግን ሥራ አልነበረም። በመሆኑም ሰው ያለ ፈቃድ ወደ ካርቱም ይገባ ነበር፤ ከገባም በኋላ የሚኖረው እንደተደበቀ ነበር። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ የተመለሰው ተመለሰ፤ ያልተመለሰውም ነበረ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከ1991 በፊት ለተሰደዱት ኢትዮጵያውያን የሰጠው የስደተኛነት መብት ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ ማብቃቱን ባስታወቀ ጊዜ በሰፈራችን የነበረውን ድንጋጤ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች አሁንም አሉ። ትናንት ስደተኛ የነበረችው ሴት ዛሬ ምንም አይደለችም ማለት ነበር። ካርድም የላት፣ ኢቃማም የላት።

ታዲያ ወረቀት የሌላት፣ አረብኛው ገና ያልገባላት፣ ባል ወይም ወንድም አጠገቧ የሌለ ሴት ምን ትሠራለች? ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ሰው ቤት መቀጠር ነው። ሱዳን ስለ ቤት ሠራተኞች በ1955 የወጣ ሕግ አላት፤ ነገር ግን በሰፈራችን ውስጥ በዚያ ሕግ ደመወዟን ያስከበረች ሴት አላየንም። ሁለተኛው መንገድ ሻይ መሸጥ ነው። አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ጀበና፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ሰባት ስምንት ብርጭቆና በንበር የሚሉት አጭር መቀመጫ፤ ሥራው ይኸው ነው። ከመጀመሪያው ብርጭቆ ጀምሮ ገንዘብ በእጅ ይገባል። የሱዳን ሰዎች ሻይ ሻጯን «ሲት ሻይ» ብለው በክብር ይጠሯታል፤ ሰው ፊት ሲሆን ማለት ነው። ከጀርባ የሚባለው ሌላ ነበር፤ በተለይ ሐበሻ ከሆነች።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዴት ሥር እንደሰደደ መናገር አለብን። ጃዕፈር ኒሜሪ በሴፕቴምበር 1983 የሸሪዓን ሕግ ከማወጁ በፊት ካርቱም ውስጥ መጠጥ በግልጽ ይሸጥ ነበር። ከታወጀ በኋላ ግን «ሐበሻ ሴት» ማለት አረቄና ብልግና ማለት ነው የሚለው ወሬ ለፖሊስም ለጎረቤትም በቂ ማስረጃ ሆነ። በጁን 1989 ዑመር አል-በሽር ሥልጣን ሲይዝ ባሰ። የ1991 የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 152 «የአደባባይ ሥነ ምግባርን የሚጎዳ አለባበስ» ለለበሰ እስከ 40 ግርፋት ደነገገ፤ የቱ ልብስ እንደሚጎዳ ግን አልተናገረም። በ1996 የካርቱም ክፍለ ሀገር የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ወጣ። ይህን ሕግ የሚያስከብር የራሱ ፖሊስና የራሱ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ሻይ ሻጮች ድንገት በመኪና የሚታፈሱበትን አፈሳ ሰው «ከሻ» ይለው ነበር። ጀብራ የተወለዱ ልጆቻችን ከአማርኛው «አፈሳ» በፊት ይህንን ቃል ነበር የሚያውቁት።

በከሻው የሚታፈሰው ሐበሻ ብቻ አልነበረም። እንዲያውም አብዛኞቹ ሻይ ሻጮች የራሷ የሱዳን ዜጎች ነበሩ፦ ከኑባ ተራሮች፣ ከዳርፉርና ከደቡብ በጦርነት የተፈናቀሉ። ዜግነት ቢኖራቸውም ቆዳቸው ስለጠቆረና አነጋገራቸው የካርቱም ስላልሆነ «ባሪያ» ተብለው ይሰደቡ ነበር። ይህ ስድብ ዝም ብሎ ከአፍ የሚወጣ ቃል አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በአባይ ዳር የባሪያ ንግድ ሲደራ የተሸጡት የነዚሁ ሰዎች አያቶች ነበሩ። የኛም ድንበር ከዚህ ንጹሕ አልነበረም፤ የመተማ ገበያ ከቡናና ከጥጥ ሌላ ሰው ይሸጥበት ነበር።

አሁን የምንጽፈው እኛን የሚያስመሰግን ስላልሆነ ከዚህ ቀደም በማኅበራችን ስብሰባ አንሥተነው አናውቅም።

የካርቱም ገዢ የነበሩት መጅዙብ አል-ኸሊፋ በሴፕቴምበር 2000 ሴቶች በነዳጅ ማደያ፣ በሆቴልና በምግብ ቤት እንዳይሠሩ አዘዙ። የሱዳን ሴቶች ሰልፍ ወጡ፤ በአስለቃሽ ጭስ ተበተኑ። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በጥቂት ቀናት ውስጥ ትእዛዙን አገደው። ቢታገድም በታች ያለው ፖሊስ ልቡ አልበረደም ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሻው ወደ ጀብራ መጣ። ከሱቃችን ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር አራት ሻይ ሻጮች ነበሩ፤ ሁለቱ ሐበሾች፣ ሁለቱ የኑባ ሴቶች። መኪናውን ሲያዩ ወደኛ ሱቅ ሮጡ። እኛና ሸሪካችን ተያየን፤ የንግድ ፈቃዳችን በአንድ ሱዳናዊ ስም ነበር፤ ነገሩ ቢመረመር ሱቁም እንጀራችንም ያልቅ ነበር። የቆርቆሮውን መዝጊያ ወደ ታች አወረድነው። ያወረድነው እነርሱ ሳይገቡ ነው።

ሴቶቹን የሸሸገቻቸው ሁለት ቤት አልፎ ጭቃ ቤት የተከራየች አንዲት የኑባ አሮጊት ናት፤ ሁላችንም ሐጃ እንላታለን። አራቱንም አስገብታ በሩ ላይ ተቀመጠች። ፖሊሶቹ ምድጃውን፣ ማንቆርቆሪያዎቹንና በንበሮቹን ጭነው ሄዱ፤ እርሷን ግን ከበሩ ላይ ሊያስነሷት አልደፈሩም። ማታ ላይ ከሐበሾቹ አንዷ ወደ ሱቅ መጣችና ዕዳዋን ከፈለች። ከዚያ «ወንድምዬ፣ መዝጊያውን ያወረድከው እኮ በፖሊስ ላይ አይደለም፤ በኛ ላይ ነው» ብላን ሄደች። መልስ አልነበረንም። የሚያሳፍረው ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሱቅ፣ ስለ ሐጃና ስለ ዘመዶቿ በአማርኛ ምን እንባባል እንደነበር እናውቃለን። እነርሱ አማርኛ አይሰሙም ብለን፣ ሱዳን ሲለን የሚያንገበግበንን ቃል እኛ በራሳችን ቋንቋ በእርሷ ላይ እንጠቀምበት ነበር።

ለውጡ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የጀመሩትም ሴቶቹ እንጂ እኛ አይደለንም። መጀመሪያ ያደረጉት ዕቁብ መጣል ነበር። ሱዳኖች ለዕቁብ ሰንዱቅ የሚል ቃል አላቸው፤ አሠራሩ አንድ ነው። ሐበሾቹና የኑባ ሴቶች አንድ ላይ ጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ተቀንሶ ለቅጣት ተቀመጠ። አንዷ ስትታፈስ ቅጣቷ በዚያ ገንዘብ ይከፈላል፤ የተወሰደ ምድጃ ይተካል። ገንዘቡን የምትይዘው ሐጃ ነበረች፤ ማንበብ ስለማትችል ሒሳቡን በአማርኛ የምትጽፈው የኛዋ ልጅ ነበረች። ለሁለተኛ ጊዜ ያደረጉት ጥበቃ ማቆም ነው፦ ጥግ ላይ ያለችው መኪናውን ስታይ ብርጭቆ በማንኪያ ትመታለች፤ ድምፁ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይተላለፋል። ሦስተኛው ደግሞ ፍርድ ቤት ነበር። የሕዝብ ሥርዓት ፍርድ ቤት ጉዳይ በደቂቃዎች የሚጨርስ ነበር፤ አረብኛ የማትችል ሴት ምን እንደተፈረደባት ሳታውቅ ትገረፍ ነበር። አረብኛ የሚችሉት ሴቶች በተራ ሥራቸውን ትተው እየሄዱ ያስተረጉሙ ጀመር። ለኑባዋም ለሐበሻዋም።

የተማሩ ሰዎች ይህን የሚጠሩበት ስም አላቸው፤ ፀረ ዘረኝነት፣ ፌሚኒዝም ይሉታል። የኛ ሴቶች ይህን ቃል የሰሙት ቆይተው ነው፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ።

ሌላው ትግላቸው ከማኅበራችን ጋር ነበር። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ አባል ለመሆን መዋጮ የሚከፍለው የቤተሰቡ ራስ የሆነው ወንድ ነበር፤ ብቻዋን ያለች ሴት እንደ አባል አትቆጠርም። ሻይ ሻጮቹ ሦስት ተወካይ ልከው የአባልነት ጥያቄ አቀረቡ። በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ሽማግሌ «ስማችንን ያጠፉት እነርሱ ናቸው» አሉ፤ ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። ለሁለተኛ ጊዜ መጡ፤ ቀጠሮ ተሰጣቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ብቻቸውን አልመጡም፤ ሐጃን አስከትለው ነበር። አንዷ ተነሥታ «በአምናው ዓመት ከሞቱት ከአምስቱ ሰዎቻችን የሦስቱን የቀብር ወጪ የሸፈነው የኛ ዕቁብ ነው፤ ማኅበሩ የትኛው ነው? እናንተ ናችሁ ወይስ እኛ?» ብላ ጠየቀች። ሒሳቡ ተመረመረ፤ እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ሴቶች በራሳቸው ስም አባል ሆኑ፤ ሁለት የኮሚቴ መቀመጫም ተሰጣቸው። ተሰጣቸው ስንል እንደ ምጽዋት እንዳይመስልብን፤ ወስደውት ነው።

በጀብራ የሆነው በከተማው ሁሉ ከሚሆነው የተነጠለ አልነበረም። ከደቡብ ኮርዶፋን የመጣችው ሻይ ሻጭ ዓወዲያ ማሕሙድ ኮኮ የምግብና የሻይ ሻጮችን የኅብረት ሥራ ማኅበር የመሠረተችው ገና በ1990 ነው። ማኅበሩ ዕቃቸው ለተወሰደባቸውና ለታሰሩት ሴቶች ጠበቃ እስከ ማቆም ደርሷል። እርሷ ራሷ በማኅበሩ ዕዳ ምክንያት ለዓመታት ታስራለች። በማርች 2016 አሜሪካ ለጀግና ሴቶች የምትሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስትቀበል በሰፈራችን እልል ያለው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ የሻይ ሻጭ ሥራ ዓለም ፊት ቀርቦ ሲከበር ያየነው ያን ጊዜ ነበር።

በጁላይ 2009 ደግሞ ጋዜጠኛዋ ሉብና አሕመድ ሑሴን ሱሪ ለብሳ በመገኘቷ ከሌሎች 12 ሴቶች ጋር ከአንድ ምግብ ቤት ተያዘች። አብዛኞቹ ጥፋተኛ ነን ብለው 10፣ 10 ተገርፈው ወጡ፤ ከመካከላቸው ክርስቲያን የሆኑ የደቡብ ልጆች ነበሩ። ሉብና ግን እከራከራለሁ አለች። የ500 ፓውንድ ቅጣት ሲፈረድባት አልከፍልም ብላ እስር ቤት ገባች፤ የጋዜጠኞች ማኅበር ከፍሎ አወጣት። «የሴቶች ጭቆና ይብቃ» የሚለው የሱዳን ሴቶች እንቅስቃሴ የበረታው በዚህ ጉዳይ ነው። የኛ ሴቶች ነገሩን በመደነቅም በትንሽ ቅሬታም ነበር የሚከታተሉት። «ለሱሪው ዓለም ሁሉ ጮኸ፤ እኛ በየሳምንቱ ስንገረፍ ግን ሬዲዮ አልመጣም» ያለችን አለች። እውነቷን ነው። ይሁንና በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትለይ ብዙዎቹ የደቡብ ሻይ ሻጮች ወደ ጁባ ሲሄዱ ባዶ የቀረውን ቦታ የሞሉት ብዙውን ጊዜ የኛ ሴቶች ነበሩ፤ ከሻውም አብሮ ተከተላቸው።

ከሁሉ የከበደን በ2014 መጀመሪያ የሆነው ነው። በኦምዱርማን አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት ስደተኛ በቡድን ተደፍራ፣ የተቀረጸው ምስል ከወራት በኋላ ሲሰራጭ ተከሳሽ የሆነችው እርሷ ነበረች። ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2014 «አስነዋሪ ድርጊት» በሚል ጥፋተኛ ብሎ በገደብ የሚቆይ የአንድ ወር እስራትና 5,000 ፓውንድ ቅጣት በየነባት። ለእርሷ የጮኸው የአፍሪካ ቀንድ ሴቶች መብት መረብ የሆነው ሲሓ ነበር፤ የሱዳን ሴት ጠበቆችም ከጎኗ ቆሙ። ስሟን እዚህ አንጽፍም። በዚያን ሳምንት የጀብራ ሻይ ሻጮች፣ ሐበሻውም ኑባውም፣ ከዕቁባቸው ዙር አንዱን ለእርሷ መርዳት ይሁን ብለው ወሰኑ። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንጠየቅ ከሱቁ ገንዘብ ጨመርን። በሴቶቹ ፊት ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይተናል።

ከካርቱም ውጭ ያሉት እህቶቻችንም በየአገሩ ተመሳሳይ ነገር ሠርተዋል። በቤይሩት በማርች 2012 አንዲት ኢትዮጵያዊት ቆንስላችን በር ላይ ስትጎተት በቪዲዮ ከታየች በኋላ ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞታ ተገኘች። በጃኑዋሪ 2015 ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቤት ሠራተኞች እዚያው ቤይሩት ማኅበር መሠረቱ፤ የሊባኖስ መንግሥት አልቀበለውም። በ2017 ባንቺ ይመርና ጓደኞቿ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በ2020 በኢኮኖሚው ቀውስና በኮሮና ምክንያት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን አምጥተው ቆንስላው በር ላይ ሲጥሏቸው ምግብና መጠለያ ያቀረቡት ቤት ሠራተኞች የነበሩት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ስሙን ስንሰማ የጀብራው ዕቁብ ነው ያስታወሰን።

ወደ ካርቱም እንመለስ። በዲሴምበር 2018 የተጀመረው ተቃውሞ በኤፕሪል 6 ቀን 2019 የጦር ኃይሎች መምሪያ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ዓወዲያ በዚያ ለተቀመጠው ሕዝብ ምግብ አበሰለች። ከሰፈራችንም ጀበናቸውን ይዘው የሄዱ እህቶች ነበሩ፤ «የውጭ ዜጋ ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባው» ብለን ለመከልከል ሞክረን ነበር። አልሰሙንም። ቡናውን በዝንጅብል እያፈሉ ሲሰጡ፣ የሱዳን ወጣቶች «ሐበሺያ» ሳይሆን «ኻልቲ»፣ አክስቴ ብለው እንደጠሯቸው ሲነግሩን ፊታቸው ያበራ ነበር። በኤፕሪል 11 አል-በሽር ወረደ። በጁን 3 ሰልፈኞቹ ላይ ጭፍጨፋ ደረሰ፤ ከኛዎቹ አንዷ በእግሯ እየሮጠች በማግሥቱ ነበር ጀብራ የገባችው፤ ጀበናው እዚያው ቀረ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጨረሻ የሕዝብ ሥርዓት ሕጉ ተሻረ። በጁላይ 2020 ደግሞ ግርፋት ከብዙ አንቀጾች ወጣ፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው መጠጥ መጠጣቱም ወንጀል መሆኑ ቀረ።

ደስታው ረጅም አልነበረም። በሴፕቴምበር 28 ቀን 2021 እዚሁ ጀብራ የደኅንነት ሰዎች ከአሸባሪ ቡድን ጋር ተታኩሰው አምስት መኮንኖች ሲገደሉና የውጭ ዜጎች ተያዙ ሲባል፣ የሰፈሩ የቤት አከራይ ሁሉ ወረቀታችንን ጠየቀ። ከወር በኋላ በኦክቶበር 25 መፈንቅለ መንግሥት ሆነ። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ጀብራ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ የተኩስ ቀጣና ነበር። ውኃና መብራት ጠፋ። ሱቃችን ተዘረፈ፤ የዱቤ ደብተሩ ግን ማንም ስለማይፈልገው ወለሉ ላይ ነበር፤ ይዘነው ወጣን። ወደ መደኒ የሸሹት በዲሴምበር 2023 መደኒ ስትያዝ እንደገና ሸሹ። ሌሎች በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ወጡ፤ ካይሮና ካምፓላ የደረሱም አሉ። ሐጃ አልወጣችም። ጦሩ ካርቱምን በማርች 2025 መልሶ ሲይዝ በሕይወት እንዳለች ሰማን።

ያቺ «በኛ ላይ ነው» ያለችን እህት አሁን መተማ ዮሐንስ ናት። ከድንበሩ ማዶ የሸሹ ሱዳናውያን በሚያልፉበት መንገድ ዳር አንድ ምድጃና ስምንት ብርጭቆ ይዛ ተቀምጣለች። ባለፈው ስልክ ስንደውልላት የኑባ ሴቶች አጠገቧ ሊሸጡ መጥተው፣ ቦታው የኛ ነው ብለው ሊያስነሷቸው የሞከሩ የአገራችን ወጣቶች እንደነበሩ ነገረችን። «ምን አደረግሽ?» አልናት። በንበሩን ወደ በሩ አስጠግታ ተቀምጣ እንደነበር፣ ዕቁቡም በአራት ሰው እንደተጀመረ ነገረችን። ከዚያ የኛን ደብተር ጠየቀችን፤ ከጦርነቱ በፊት የቀረባት የሦስት ኪሎ ስኳር ዕዳ ነበረባት።